ሰፈራችን ሲፈርስ ማን ተጠየቀ?



«ፒኑይ ቢኑይ» የሚለውን የዕብራይስጥ አነጋገር ያልሰማ ቤተሰብ በመካከላችን ቢኖር ጥቂት ነው። አስለቅቆ መገንባት ማለት ነው፤ ይኸውም ያረጀው የሺኩን ሕንፃ ነዋሪዎቹ ለጊዜው ለቀው ይፈርስና በምትኩ ረጅም ፎቅ ይሠራል፤ የቀድሞው የቤት ባለቤት ገንዘብ ሳይጨምር አዲስ ቤት ይቀበላል፤ አስገንቢው ድርጅት ደግሞ የተረፉትን ቤቶች ሸጦ ወጪውንና ትርፉን ያገኛል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሁሉም ወገን የሚጠቀምበት፣ ማንም የማይጎዳበት ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ በየቤቱ ስዞር የማየውና በዒሪያዎች መግለጫ ላይ የማነበው አልገጣጠም እያለኝ ስለሄደ፣ ሐሳቤን በዚህ ገጽ ላይ ለማስፈር ተነሣሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዓላማዬ ሕንፃ አይታደስ ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ሺኩኖች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በችኮላ የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹ አሳንሰር የላቸውም፤ የውኃ ቧንቧቸው ዝጓል፤ ግድግዳቸው በክረምት ሻጋታ ያበቅላል። «ማማድ» የሚባለው በቤት ውስጥ የሚሠራ መጠለያ ክፍል ግዴታ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በ1992 ስለሆነ፣ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ማማድ የለም። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው የ12 ቀን ጦርነት ጊዜ፣ በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር ሌሊት ደረጃ ወርደው ሚክላት መድረስ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ጥያቄው «መታደስ ያስፈልጋል ወይ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «በማን ቋንቋ፣ በማን ፈቃድ፣ በማንስ ኪሳራ?» የሚል ነው።

ገና በመርከዝ ክሊታ ያላችሁ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች «እኛ ቤት የለን፣ ይህ ነገር ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ነገ የምትገዙት ወይም የምትከራዩት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከነዚሁ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ያለ ነው። አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰፈር ላይ የተዘጋጀውን ዕቅድም አብሮ ይገዛል። ስለዚህ ነገሩ ከማንም ይልቅ እናንተን ይመለከታል።

እዚህ ሰፈር እንዴት ደረስን?

የዛሬውን ለመተቸት የትናንቱን ማስታወስ ግድ ይላል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በሁለት ቀን ውስጥ ወደዚህ አገር ገቡ። መንግሥት በየሆቴሉና በየመርከዝ ክሊታው ካስቀመጣቸው በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን በቀራቫን መንደሮች አሰፈረ። በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሃማቶስ፣ በአኮ አጠገብ ሃጽሮት ያሳፍ የኖሩ ሰዎች የዚያን ጊዜ በጋና ክረምት አይረሱትም። የቆርቆሮው ቤት በቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሥራና ትምህርት ቤት ሩቅ ነበር።

መንግሥት ይህን ለማብቃት በ1993 ለኢትዮጵያ ዖሊሞች ልዩ የማሽካንታ ደንብ አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ተመላሽ የማይደረግ ስጦታ፣ ቀሪው ቀስ በቀስ የሚከፈል ብድር ነበር። የታሰበው መልካም ነበር፤ ቤተሰቦች በመሐል አገር ባሉ ከተሞች ተሰራጭተው፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ቤት ይግዙ የሚል ነው። ብዙ ሰዎችም በዚያ ደንብ ከቀራቫን ወጥተው የቤት ባለቤት ሆነዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

ነገር ግን ውጤቱ ከታሰበው ጋር አልተገናኘም። ገንዘቡ የሚበቃው ዋጋው ዝቅ ባለ ሰፈር ላለ ቤት ብቻ ነበር። ማን የት ይኑር የሚለውን የወሰነው የሚኒስቴሩ ካርታ ሳይሆን የገንዘቡ መጠን ሆነ። ወገናችንም ከዘመዱ፣ ከአገሩ ልጅ፣ ከቄሱ አጠገብ ለመኖር መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው። በዚህ ምክንያት ሬሆቮት ውስጥ ቂሪያት ሞሼ፣ ሪሾን ለጽዮን ውስጥ ራማት ኤሊያሁ፣ በናታንያና በቂሪያት ማላኺም የተወሰኑ ሰፈሮች የእኛ ሰፈሮች ሆኑ። አቅም ያለው የቀድሞ ነዋሪ ቀስ በቀስ ለቆ ሄደ። በየትምህርት ቤቱ የእኛ ልጆች ቁጥር ከሌሎቹ በለጠ። ከዚያም የመንግሥት ባለሥልጣናት «ለምን ተሰባሰባችሁ?» ብለው እኛኑ መጠየቅ ጀመሩ።

የተገላቢጦሹንም አይተናል። በጃንዋሪ 2012 በቂሪያት ማላኺ አንዳንድ ቤት ባለቤቶች ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ወጣቶቻችን በከተማውና በክኔሴት ፊት ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። በአንድ በኩል አትሰባሰቡ እንባላለን፤ በሌላ በኩል በሩ ይዘጋብናል። ይህ የሰፈራችን ታሪክ ነው።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። ትናንት ማንም የማይፈልገው መሬት ዛሬ ዋጋው ጨምሯል። ለባቡር ጣቢያና ለመንገድ ቅርብ ነው፤ በመሐል አገር ባዶ መሬት አልቋል። ሠላሳ ዓመት ያላየን አስገንቢ ዛሬ ብርቱካናማ ወረቀት በፖስታ ሣጥናችን ይጥላል። ሀብታችን እንዲያ ከሆነ፣ ዋጋውን ማወቅ ያለብን እኛው ነን።

ሕጉ ምን ይላል?

ባለማወቅ የሚፈራና ባለማወቅ የሚፈርም ሰው እኩል ይጎዳል። ስለዚህ ሕጉን በአጭሩ ልግለጽ።

በ2006 የወጣው ሕግ፣ አብዛኞቹ ባለቤቶች ተስማምተው ጥቂቱ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካሉ፣ የተስማሙት እምቢ ያሉትን በፍርድ ቤት ከሰው ካሣ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በመጀመሪያ ለዚህ የሚያስፈልገው ስምምነት 80 በመቶ ነበር፤ በ2021 ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ብሏል። ይህ ማለት በ30 ቤቶች ውስጥ 20 ከፈረሙ፣ ቀሪዎቹ 10 በፍርድ ቤት ሊጠየቁ ይችላሉ ማለት ነው። በ2016 የከተማ እድሳትን የሚመራ የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ፤ በውስጡም የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊ አለ። በ2017 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ ፊርማ የሚሰበስቡትን «መአርገን» የሚባሉትን ሰዎች ይመለከታል። ፊርማ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪውን ሰብስበው እንዲያስረዱ ያስገድዳል፤ የሚያስፈርሙት ውልም ለዘለዓለም የሚያስር ሳይሆን የጊዜ ገደብ ያለው እንዲሆን አድርጓል።

እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕግ አለ። የእኔ ትችት የሚጀምረው ሕጉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ደረጃችንን ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከማየት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት፤ ቋንቋ

በ1965ቱ የዕቅድና የግንባታ ሕግ መሠረት አንድ ዕቅድ ለሕዝብ ዕይታ ሲቀርብ ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ በሰፈሩም ይለጠፋል። ተቃውሞ ያለው ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ይህ ትልቅ መብት ነው። ግን ማስታወቂያው የሚጻፈው የዕብራይስጥ ተናጋሪው እንኳ አንብቦ በማይረዳው የሕግና የመሐንዲስ ቋንቋ ነው። ስድሳው ቀን ለባለ ዲግሪውም ለገበሬውም እኩል ይቆጠራል። አንዱ ጠበቃ ቀጥሮ ተቃውሞ ሲያስገባ፣ ሌላው የተለጠፈውን ወረቀት «የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል።

አንዳንድ ዒሪያዎች ይህን ተረድተው ወረቀቱን በአማርኛ ያስተረጉማሉ። የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን አማርኛም ማንበብ አይችሉም፤ ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑም አሉ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ነገር የሚያስተላልፉት በቃል ነው። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ከማኅተም ይበልጥባቸዋል። ለእነሱ የሚያስፈልገው የተተረጎመ ወረቀት ሳይሆን፣ ቁጭ ብሎ በቃል የሚያስረዳና ጥያቄ የሚቀበል ሰው ነው። በአማርኛና በትግርኛ የሚያስተላልፍ የሬዲዮ ፕሮግራም ባለበት አገር፣ ዒሪያ በዚህ መንገድ ለነዋሪው መናገር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ በማይደረግበት ቤት ክፍተቱን የሚሞላው ማን ነው? የ12 ዓመት ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ የአባቱን ውል እንዲተረጉም ይጠራል። «ዋስትና» ወይም «የጋራ ንብረት» የሚለውን ቃል ልጁ በዕብራይስጥም አያውቀውም፤ የገመተውን ይናገራል፤ አባትም በልጅ ግምት ላይ ቤቱን ይፈርማል። ጉዳቱ በውሉ ብቻ አያበቃም። አባት በቤቱ ውስጥ የነበረው ክብር በዚያች ጠረጴዛ ላይ ይቀንሳል፤ ልጁም ዕድሜው የማይችለውን ሸክም ይሸከማል። ነገሩ ሲበላሽ «አንተ ነህ ያስፈረምከኝ» የሚባለው እሱ ነው። ለሕንፃው መሐንዲስና ጠበቃ የሚቀጥር ሥርዓት፣ ለአስተርጓሚ ጥቂት ሰዓት መክፈል ካቃተው ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ጉድለት፤ ከቁልፉ በኋላ ያለው ወጪ

አስገንቢዎች የሚያሳዩት ሥዕል አረንጓዴ ዛፍና ሰማያዊ ሰማይ ያለበት ነው። በሥዕሉ ላይ የማይታየው በየወሩ የሚመጣው ክፍያ ነው። በአሮጌው ሺኩን ቫዓድ ባይት የሚጠይቀው ለደረጃ መብራትና ለጽዳት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነው። በባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ግን አሳንሰሮች፣ የውኃ መግፊያ ሞተር፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ፣ የአስተዳደር ኩባንያም አሉ። ይህ ሁሉ በነዋሪው ይከፈላል። አርኖናም በካሬ ሜትር ስለሚሰላ፣ ቤቱ ሲሰፋ ክፍያው አብሮ ይሰፋል።

ደመወዝ ላለው ወጣት ቤተሰብ ይህ ይቻል ይሆናል። ከቢቱዋህ ለኡሚ በሚገኝ የእርጅና ጡረታ ለሚኖሩ እናት ግን፣ አዲሱ ቤት የምግብ ወይም የመድኃኒት ገንዘብ የሚሻማ ይሆናል። በመጨረሻም ቤቱን ሸጠው ወደ ሌላ ርካሽ ሰፈር ይሄዳሉ። በወረቀት ላይ ማንም አላባረራቸውም፤ በተግባር ግን ሂሳቡ አባረራቸው።

ለዚህ መፍትሔ አለ። በአንዳንድ ፕሮጀክቶች አስገንቢው ለቀድሞ ነዋሪዎች የጥገና ወጪ የሚውል ገንዘብ በፈንድ እንዲያስቀምጥ ተደርጓል። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ መፍትሔ መጀመሪያ የሚደርሰው ነዋሪዎቹ ለመጠየቅ በሚያውቁበት ሰፈር መሆኑ ነው። ለድኻው የታሰበ መድኃኒት፣ ድኻው ስሙን ካላወቀው አይሰጠውም ማለት ነው። ዒሪያ ዕቅድ ከማጽደቁ በፊት ይህን እንደ ግዴታ ማስገባት ይገባዋል።

አዲስ ገቢዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ለዖሌ ሃዳሽ የሚሰጠው የአርኖና ቅናሽ ከመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወራት ብቻ ነው፤ እስከ 90 በመቶ ሊደርስና የቤቱን የመጀመሪያ 100 ካሬ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ሄዳችሁ መጠየቅ አለባችሁ፤ ዒሪያው ራሱ አስታውሶ አይሰጣችሁም። በመጀመሪያው ዓመት የምታዩት ዝቅተኛ ሂሳብ የቤቱ እውነተኛ ወጪ መስሏችሁ ውሳኔ እንዳታደርጉ።

ሦስተኛው ጉድለት፤ የማይቆጠሩ ሰዎችና የማይለኩ ነገሮች

በፒኑይ ቢኑይ ስብሰባ ላይ የሚጠራው የቤት ባለቤቱ ነው። ተከራዩ ግን የሰፈሩ ሰው ቢሆንም ድምፅ የለውም። ለባለቤቱ በግንባታው ዘመን የቤት ኪራይ ይከፈልለታል፤ አዲስ ቤትም ይጠብቀዋል። ለተከራዩ የሚደርሰው «ልቀቅ» የሚል ደብዳቤ ነው። ሦስት ልጆች ያሉት ተከራይ በዓመቱ አጋማሽ ሲለቅ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፤ በስንት ልፋት የተገኘው ጋን፣ ሐኪም፣ ጎረቤት ሁሉ ይቀራል። ሕጉ ባያስገድድም፣ ዒሪያ ተከራዮችን ቆጥሮ፣ በትምህርት ዓመት መካከል እንዳይነሡ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይችላል።

በመሐንዲስ ሜትር የማይለኩ ነገሮችም አሉ። አንዱ ለቅሶ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለው ዘመድ ይመጣል፤ መቶዎች ይቀመጣሉ። ዛሬ በሺኩኑ ግቢ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ወንበርና ቡና ያዋጣል። በባለ 20 ፎቅ ሕንፃ መግቢያ ላይ ድንኳን የት ይተከላል? የአስተዳደር ኩባንያው ይፈቅዳል? ሌላው የጸሎት ቦታ ነው። ቄሶቻችን የሚጸልዩባቸውና ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡባቸው አንዳንድ ቦታዎች የሰፈር ሚክላቶችና አሮጌ የሕዝብ አዳራሾች ናቸው። እነዚህ በዕቅድ ካርታ ላይ የሚታዩት እንደ ባዶ ሣጥን ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሕንፃዎቹ መካከል አረጋውያን ቆፍረው ጎመንና በርበሬ የሚተክሉበት ቁራሽ መሬት ነው። ለዕቅድ አውጪው «ሥርዓት የሌለው ግቢ» ነው፤ በጎንደር ማሳ ሲያርሱ ለኖሩ አባት ግን በዚህ አገር ያገኙት ብቸኛ የሚያውቁት ሥራ ነው። ይህን የሚያጣ ሽማግሌ ታምሞ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ሲመጣ፣ በሽታው በፋይሉ ላይ በሌላ ስም ይጻፋል።

እነዚህን ነገሮች የሚጠይቅ «ማኅበራዊ ጥናት» የሚባል አሠራር አለ። ችግሩ ጥናቱ የሚመጣው ዕቅዱ ከተሣለ በኋላ ሲሆን ነው። ከተሣለ በኋላ የሚጠየቅ ሰው ምክር ተጠየቀ አይባልም፤ ተነገረው ይባላል።

አራተኛው ጉድለት፤ ሰው ይጨምራል፣ ክፍል አይጨምርም

አንድ ዒሪያ ከመኖሪያ ቤት የሚሰበስበው አርኖና ለነዋሪው የሚሰጠውን አገልግሎት ወጪ አይሸፍንም። ትርፍ የሚያገኘው ከቢሮዎች፣ ከፋብሪካዎችና ከትላልቅ ሱቆች ነው። ስለዚህ የንግድ ቦታ የበዛለት ከተማ ባለጠጋ፣ መኖሪያ ብቻ ያለበት ከተማ ድኻ ይሆናል። ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ብዙዎቹ ከተሞች ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እንግዲህ 200 ቤት በነበረበት ቦታ 800 ቤት ቢሠራና የክፍል ብዛት፣ የሐኪም ቤት፣ የጋን ቁጥር ባለበት ቢቀር፣ የሚጨናነቀው ማን ነው? አቅም ያለው ልጁን ወደ ሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት ይወስዳል። የእኛ ልጅ እዚያው 38ኛ ሆኖ ይቀመጣል። ዕቅዱ ስለ ፎቅ ብዛት ሲናገር፣ ስለ ክፍል ብዛትና ስለሚከፈቱበት ዓመትም በጽሑፍ መናገር አለበት። «ወደፊት ይታሰባል» የሚለው መልስ መልስ አይደለም።

እኛስ?

ሂስ ለሌላ ብቻ ከሆነ ሐሜት ነው። ስለዚህ ወደ ራሳችንም እንመልከት።

ይሉኝታችን ብዙ ነው። የመጣውን እንግዳ ቡና አፍልተን፣ ወረቀቱን ሳናነብ «እሺ» እንላለን፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል። ፊርማ ሰብሳቢው ይህን ጠባያችንን ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ ጊዜ የተነገረ ይመስላል። መጠርጠር ደግሞ ስድብ አይደለም፤ በዚህ አገር ጠበቃ ይዞ መምጣት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል።

የቫዓድ ባይት ስብሰባ ሲጠራም አንሄድም። «እኔ ዕብራይስጥ አላውቅም፣ ምን ልናገር?» እንላለን። ያልተገኘንበት ስብሰባ ግን ያለ እኛ ይወስናል። በኢትዮጵያ ሳለን ጎጆ የሚቆመው በደቦ ነበር፤ አንዱ እንጨት ይቆርጣል፣ አንዱ ሣር ያጭዳል፣ አንዱ ያበላል። ማንም «የእኔ ቤት አይደለም» ብሎ አይቀርም ነበር። ቫዓድ ባይትም በሌላ ስም ያው ደቦ ነው። ዕብራይስጡ ለጎደለው፣ የቻለው ጎረቤት ይተርጉም፤ ቁም ነገሩ ከጠረጴዛው አለመቅረት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በር ላይ አትፈርሙ። ማንም ቢቸኩል፣ «ነገ ዋጋው ይወድቃል» ቢል፣ «ጎረቤቶችህ ሁሉ ፈርመዋል» ቢል፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ «አስነብቤ እመለሳለሁ» በሉ። ይህን ማለት መብታችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ የባለቤቶቹን ጠበቃ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይምረጡ። በተለመደው አሠራር የጠበቃውን ዋጋ አስገንቢው ይከፍላል፤ ይህ ማለት ግን አስገንቢው ይመርጠዋል ማለት አይደለም። አማርኛ የሚያውቁ ጠበቆችም ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ሦስተኛ፣ እነዚህን ጥያቄዎች በስብሰባ ላይ በግልጽ ጠይቁ። አዲሱ ቤት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ማማድና መኪና ማቆሚያ አለው? በየወሩ ለጥገና ስንት ይከፈላል፣ ለስንት ዓመትስ ድጋፍ አለ? በግንባታው ዘመን ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ግንባታው ቢዘገይስ? ከቤት ከመውጣታችን በፊት በቤቱ ዋጋ ልክ «ዓርቩት» የሚባለው የባንክ ዋስትና ይሰጠናል? አረጋውያን ፎቅ ላይ መውጣት ካልፈለጉ ምን አማራጭ አላቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ የሌለው ሰው ፊርማ ሊጠይቅ አይገባውም።

አራተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ዒሪያው የከተማ ዕቅድ ክፍል ሄዳችሁ በዚያ ሕንፃ ላይ ዕቅድ እንዳለ ጠይቁ። በብዙ ከተሞች ለነዋሪው በነፃ የሚያማክር የከተማ እድሳት ጽሕፈት ቤት፣ በዕብራይስጥ «ሚንሄሌት» የሚባለው፣ አለ። ለተበላሸ መብራት፣ ለቆሻሻና ለፈሳሽ ደግሞ 106 ደውሉ፤ የአቤቱታውንም ቁጥር ጻፉ። ያልተመዘገበ አቤቱታ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አምስተኛ፣ የከተማው ምክር ቤት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ጥቂት ሽማግሌዎችና ወጣቶች አብረው ሄደው ከኋላ ቢቀመጡ ብቻ እንኳ፣ የሚናገሩት ሰዎች አነጋገራቸውን ያስተካክላሉ። በከተማ ምርጫም ዕድሜው 17 የሞላው ነዋሪ ይመርጣል፤ ቢጫው ወረቀት ለከንቲባ፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ነው። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2024 በተደረገው ምርጫ ድምፅ የሰጠ ሰው፣ ከንቲባው ቃሉን ጠብቆ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው። ያልሰጠም መብት አለው፤ ግን ድምፁ ይደክማል።

ለዒሪያዎቻችን የምለው ደግሞ አጭር ነው። የ1993ቱ ደንብ ያስተማረን አንድ ነገር አለ፤ መልካም ሐሳብ፣ የሚመለከተውን ሰው ሳይጠይቁ ሲሠሩበት፣ ሌላ ችግር ይወልዳል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ሰፈራችንን መረጠልን። ዛሬ ደግሞ ገንዘቡ ከሰፈራችን እንዳያስወጣን ሥጋት አለን። ዕቅዱ ሳይሣል በፊት በቋንቋችን ጠይቁን፤ የምንከፍለውን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ የጸሎትና የለቅሶ ቦታችንን በካርታው ላይ በስሙ ጻፉት፤ የልጆቻችንን ክፍል ከፎቁ ጋር አብራችሁ ሥሩ። ይህ ልዩ ውለታ አይደለም፤ ለማንኛውም ነዋሪ የሚገባ ነው።

ለወገኖቼም፣ አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ውል ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ሰው እንደ ደረቀ እንጨት አይታጠፍም፤ ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ስብሰባ፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይለውጣል። በየሕንፃችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች መርጣችሁ በዚህ ወር ተነጋገሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና፣ እኛም ብንተባበር ሰፈራችን ሲታደስ አብረን እንታደሳለን።